ሰልፍ የወጣው ንስር

ዛሬ ረፋድ አዳማ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ አንድ የድሮ ካድሬ ለወጣቶች «እኛ እኮ እንኳን ለሰው ለእንስሳም እናዝን ነበር» ሲል ሰማሁት። ማኪያቶው ትን አለኝ።

አዛኙን ሰውዬ ላስተዋውቃችሁ።

በደርግ ጊዜ አባቴ ሶደሬ አጠገብ፣ የተጎዱ ንስሮችና ጭልፊቶች በሚታከሙበት ግቢ ይሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሥጋ ይቆርጥላቸዋል፣ ውሃቸውን ይቀይራል፣ ቁስላቸውን ያጥባል።

አንድ ቀን ይሄ ካድሬ በላንድሮቨር መጣና ትልቁን ንስር ጠየቀ። ለአብዮት በዓል ሕዝብ ፊት ሊያበረው ነው!

አባቴ «ጓድ፣ ክንፉ ገና አልዳነም። ከወደቀ አይተርፍም» አለው።

«አድኃሪ! ንስር መብረር ያቅተዋል?»

ወሰደው። ናዝሬት አደባባይ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ወደ ላይ ወረወረው። ንስሩ ሁለቴ ተርገበገበና አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ካድሬው እንዳላየ ሆኖ መፈክሩን ቀጠለ። አፍ ብቻ!

አባቴ ከሰልፉ ወጥቶ ኮቱን አወለቀ። ንስሩን ጠቅልሎ አቀፈና በመድረኩ ፊት አቋርጦ ሄደ። «ቁም!» ቢሉትም ዞር አላለም።

ንስሩ መንገድ ላይ ሞተ። አባቴን ግን ቀበሌ ሁለት ሳምንት አሰሩት።

የተፈታ ቀን ገና ከደጃፍ ሳይገባ እናቴን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሌሎቹን ማን አበላቸው?»

«እኔ ነኛ!» አለችው።

እናንተስ ሰፈር ትናንት የሠራውን ረስቶ ዛሬ የሚሰብክ የለም? ስሙን ተዉት፣ ሥራውን ጻፉልኝ።