ከራስ እስከ ትከሻ በማልትኛ

ያስገቡኝ ኮልፌ፣ ቀበሌው እስር ቤት ያደረገው አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት የላብና የሻገተ እህል ሽታ ተቀበለኝ። ጠጋ ብለው ቦታ የለቀቁልኝ አንድ ጎልማሳ ባሕረኛ ነበሩ፤ ከውጭ አገር ሰው ጋር ይገናኛሉ ተብለው የታሰሩ።

እኔ ከሃይማኖት ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ቀማምሼ ነበር። እሳቸው መርከባቸው ማልታ ደሴት ስትጠገን ከርመው የአገሩን ቋንቋ ለቃቅመዋል። ፍርሃት ሲብስብን የሰውነትን ክፍል ከላይ ወደ ታች በሹክሹክታ እንጠራ ጀመር። እኔ «ሮሽ» ስል እሳቸው «ራስ»፤ እኔ «ላሾን» ስል እሳቸው «ልሲን»። ዓይንማ አማርኛውን ጨምሮ በሦስቱም ዓይን ነው። ትከሻ ላይ «ስፓላ» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ጣልያንኛ ነው።»

«ምን ታደርገዋለህ ልጄ፣ ጣልያን ያልገባበት የለ!»

ሳቅሁ። ሳቄ አስበላኝ። ጥበቃው የለየው የኔን ድምፅ ብቻ ስለነበር ከሰዓት በኋላ እኔን ጠራኝ።

መርማሪው ቆሎ እየቆረጠመ ነበር።

«በምን ኮድ ነው የምታወሩት?»

«ኮድ አይደለም ጓድ። ዕብራይስጥና ማልትኛ ናቸው፤ ከኛም ቋንቋ ጋር ይዛመዳሉ።»

«ደም ምን ይባላል?»

«በዕብራይስጥ ዳም። በማልትኛ... ደም።»

ቆሎውን ተወው። «ማልትኛውን ማን አስተማረህ?»

ባሕረኛውን ብጠራ ይወስዷቸዋል፤ ከዚያ ግቢ በምሽት የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየንም። ፈራሁ። ሱሪዬ እስኪረጥብ ፈራሁ።

«ከመጽሐፍ ነው» አልኩ።

ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። በየመሃሉ «ማን?» ይለኛል። «መጽሐፍ» እላለሁ።

ጎትተው ሲመልሱኝ ባሕረኛው ደግፈው አስቀመጡኝ። ለመጠጥ ያስቀመጡትን ውሃ እግሬ ላይ አፈሰሱልኝ። ጥበቃው በሩን ሳይዘጋ ቆሞ ያየናል። እንዳልሰበሩኝ ለራሴም ለማሳወቅ ፈለግሁ መሰለኝ፣ ካቆምንበት ቀጠልኩ። ከትከሻ በታች እጅ ነው።

«ያድ» አልኩ፣ ጥበቃው እየሰማ።

ወደ ጥበቃው አየት አደረጉ፤ የማልትኛውን ቃል ግን አልጠሩም። እጃቸውን አምጥተው እጄ ላይ አደረጉ፤ በሩ እስኪዘጋም አላነሱትም።

እሳቸው ከኔ ቀድመው ተፈቱ፤ ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም። እጅ በማልትኛ ምን እንደሚባል ዛሬ መጽሐፍ ገልጦ ማወቅ ይቻላል። እኔ አልገለጥኩም። የዚያን ቀን የሰጡኝ መልስ ይበቃኛል።