ኢንሳፍ የደበቀችው ሪፈር

ኢንሳፍ ሐይቅ ከተማ መንገድ ዳር ዓሣ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ሀሚዱን በዚሁ ሥራ አሳድጋ ለባጃጅ ሹፌርነት አብቅታዋለች። የሚያማት ጉልበቷ ብቻ ይመስላት ነበር፤ ለእሱም ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛች በባዶ ሆዷ ትውጣለች።

በ2014 መስከረም ግን ጨጓራዋ እንደ ፍም ያቃጥላት ጀመር። ቀሚሷ ሰፋት፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ አጠራት፤ ሰገራዋም እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ጤና ጣቢያ የሚሠራው አስረስ ሁሉንም ጠይቆ ሲያበቃ፣ ደሴ ሄዳ በኢንዶስኮፒ፣ በጉሮሮ ገብቶ ጨጓራን በሚያሳይ ቀጭን ቱቦ፣ እንድትታይ የሪፈር ወረቀት ጻፈላት።

ወረቀቱን ለልጇ እንኳ አላሳየችም። የጎረቤቷ የአሊ ሚስት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ ሄዳ ካንሰር ነው ተብላ፣ ስድስት ወር ሳትቆይ ተቀብራለች። ልሂድ አልሂድ ብላ ሳትወስን የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፤ መድኃኒት ጠፋ። ተኩሱን እየሰማች፣ ሆዷን በመቀነቷ አጥብቃ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚወስዳት ታስብ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት ገበያ መሀል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሀሚዱ በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ከሽሽት የተመለሰው አስረስ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየና ደሟ ክፉኛ መውረዱን ነገራቸው። ያኔ ወረቀቱን ከጉያዋ አወጣችው።

«ሞቴን አይተህ ነው የጻፍክልኝ?» አለችው።

አስረስ አጠገቧ ተቀመጠ። «አይደለም፣ እትዬ ኢንሳፍ። ጨጓራውን ያመመውን ሁሉ አንልክም። እርስዎ ግን ከስተዋል፤ ሰገራዎ ጠቁሯል፤ ዕድሜዎም ከሃምሳ አልፏል። ውስጥዎ እየደማ ነው። ምን እንደሆነ ከውጭ ሆኜ ብነግርዎ እዋሽዎታለሁ። ቁስል ሊሆን ይችላል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ገብቶ ያየ ነው የሚያውቀው።»

«ሊሆን ይችላል» ማለቱ አስደነገጣት፤ አለመሸንገሉ ግን ልቧን አጸናው።

ደሴ ደም ተሰጣት። ከዚያ መሣሪያው ከዝርፊያ የተረፈለት ክሊኒክ አፈላልገው፣ ጉሮሮዋ ደንዝዞ ቀጭኑ ቱቦ ገባላት። ሐኪሟ ጨጓራዋ ላይ ቁስል አገኘች፤ ከዳሩም ቆንጥራ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የሀሚዱ ስልክ በጠራ ቁጥር ኢንሳፍ ሥራዋን ትታ ፊቱን ታነብ ነበር።

ካንሰር አልተገኘም። ማስታገሻው ያባባሰው፣ ጀርም ያለበት ቁስል ነበር። የጉልበቷን ኪኒን እንድትተው፣ የጨጓራውን መድኃኒት እንድትጨርስ፣ ከሁለት ወር በኋላም ቁስሉ መዳኑ እንዲረጋገጥ ቱቦው ዳግም እንዲገባላት ታዘዘ። በዚህ ጊዜ ግን ቀጠሮውን ለሀሚዱ ራሷ ነገረችው፤ የዚያን ቀን ሥራ ትቶ አብሯት እንዲሄድም አስማለችው።