የሽበት ቁና

አዳማ ያን ጊዜ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተበተነች፣ ነፋስ ሲነሣ አቧራ የሚያለብሳት ትንሽ ከተማ ነበረች። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን የተማርኩት ጽሕፈት ጥሩ ስለ ነበር ከጣቢያው ጀርባ ባለው የመንግሥት ጎተራ ጸሐፊ ሆንኩ። ገበሬው በግብር የሚያስገባውን እህል፣ ለወታደሩና ለሹማምንቱ በድርጎ የሚወጣውን እህል እጽፋለሁ። ከአንድ ነገር በቀር ሥራዬ ከማንም ጎተራ ጸሐፊ ሥራ አይለይም ነበር።

ያን አንድ ነገር ሌላ አገር አላየሁትም። ቀድሞ አገሩን ይገዙ የነበሩ አንድ አዛውንት ሹም ሊሞቱ ሲሉ፣ “ፀጉሩ የሸበተ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ከጎተራው አንድ ቁና ማሽላ ይሰፈርለት” ብለው አዘው ነበር። ሰዉ “የሽበት ቁና” ይለዋል። ደሃ ነህ ወይ፣ ጧሪ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰፋሪው ራስህን ያያል፤ ነጭ ከሆነ ይሰፍርልሃል። አንድ ጊዜ ያለ ዕድሜው የሸበተ የባቡር ጭነት ተሸካሚ ተሰልፎ መጣ። ሰፋሪው “እስቲ አፍህን ክፈት” አለና ጥርሱን እንደ በቅሎ ጥርስ አይቶ አባረረው። ሽማግሌዎቹ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሰልፉን ሁልጊዜ የሚጀምሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ፊተኛዋ ከወሎ የመጡ ሙስሊም እናት ናቸው። ባላቸው ሐዲዱ ሲዘረጋ ድንጋይ ሲሸከሙ ኖረው ሞተውባቸዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ከኋላቸው የሚቆሙት የቦሰት ኦሮሞ ሽማግሌ ግን ከብታቸው ውሃ ሲወርድ መንገድ ይዘጋል የሚባልላቸው ባለጸጋ ነበሩ። ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ይመጣሉ። ከሴትዮዋ ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም ስለ ዝናብና ስለ ወገብ ሕመም ያወራሉ። ከዚያ ቁናቸውን በስልቻ ይቀበሉና፣ አሽከር ሳያሸክሙ፣ ራሳቸው ተሸክመው ይመለሳሉ። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር በልቤ አጉረመርም ነበር። ለእኒህ ሰው አንድ ቁና ማሽላ ምናቸው ነው?

አንድ ዓመት አንበጣ ወረደ። ሰማዩ ጨለመ፣ ማሳው ራቁቱን ቀረ፣ ወደ ጎተራው የሚገባው ግብርም መነመነ። በዚያው ሰሞን አዲስ የጎተራ ሹም ተሾሙልን። ቀጠን ያሉ፣ ከሰሜን ሸዋ የመጡ፣ ጾም የማያጎድሉ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ጎተራውን አስከፍተው ወለሉን አዩና ጠሩኝ።

“ይህ እህል እስከ መኸር አይዘልቅም” አሉ። “ባለ ብዙ ከብቱም አንድ ቁና፣ ጦሟን የምታድረውም አንድ ቁና። ይህ ፍርድ ነው?”

“አይደለም፣ ጌታዬ” አልኩ። ከልቤ ነበር።

“እንግዲያው ይጣራ። ያለው ይቅር፤ የሌለው ሁለት ቁና ይውሰድ።”

ደስ አለኝ። ሁለት የአገር ሽማግሌዎች ተጨመሩልኝና በየቤቱ እየዞርን በሬውን፣ ላሙን፣ ጧሪ ልጁን እየጠየቅን እንድንጽፍ ተላክን። አዲስ መዝገብ አሰመርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ራሴን ጻድቅ አድርጌ የቆጠርኩበት ጊዜ የለም።

የወሎዋ እናት ቤት ስንደርስ መሬቱ ላይ ያማረ ምንጣፍ ተነጥፏል። ግድግዳው ላይ በቀለም ያሸበረቀ ሙዳይ ተሰቅሏል። ጓዳው በር ላይ ሁለት የሞሉ ጆንያዎች ተደግፈዋል። እሳቸው ንጹሕ ልብስ ለብሰው “እንኳን መጣችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ” እያሉ ተቀበሉን።

“እማማ፣ የሚበሉት አለዎት?” አልኩ።

“አልሐምዱሊላህ! ምን ጎድሎብኝ፣ ልጄ?”

“የሚጦርዎትስ?”

“አላህ አለኝ። ጎረቤትም አለኝ።”

“ያላቸው” ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት ቤቶች አለፍ ብለን ደግሞ አንድ ሽማግሌ የተቀደደ ቁርበት ላይ ተጋድመው ሲያቃስቱ አገኘን። “የሌላቸው” ብዬ ጻፍኩ። እኒህኛው ጥማድ በሬያቸውን ወለንጪቲ እኅታቸው ዘንድ ሰድደው እንደ ነበር ኋላ ሰማሁ።

በማግስቱ በበቅሎ ወደ ቦሰት ወጣን። ባለ ከብቱ ሽማግሌ ግራር ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ወተት አስመጡልን፤ ጠጣን። ከዚያ ከብታቸው ስንት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

“ከብት አይቆጠርም” አሉ። “ብዙ ነው ብለህ ጻፍ።”

ጻፍኩ። “እንግዲህ አባቴ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ቁናው አይደርስዎትም” አልኳቸው።

“ኤዬ” አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ እሺ እንደማለት ነው። ከዚያ ግን መዝገቤን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። “ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ከብቴን ጻፍክ። ሽበቴንስ የት ጻፍከው?”

ለሽበት ያሰመርኩት ቦታ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በጎተራው ደጅ ቆሜ “የሌላቸውን” በየስማቸው ጠራሁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ይሰማል። ድሮ እየተሳሳቁ የሚመጡት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ አንድ አንድ እያሉ፣ መሬት መሬት እያዩ መጡ። አንዲት ባልቴት ስማቸውን ስጠራ ሰምተው እንዳልሰማ ሰው ጥለው ሄዱ። የገበያው ጎረምሳ ለመዝገቤ ስም አውጥቶለት ቆየኝ፤ “የደሃ መዝገብ” ይለው ጀመር። በሁለተኛው ወር ከተጠሩት ግማሾቹ አልመጡም።

ሹሙ የተረፈውን እህል አይተው “አየህ?” አሉኝ። “ችግረኛው እንደ ገመትነው ብዙ አልነበረም።” እኔም እንዲያ መሰለኝ፤ ወይም እንዲያ እንዲመስለኝ ፈለግሁ።

በሦስተኛው ወር አጋማሽ የቦሰቱ ሽማግሌ ጎተራው ድረስ መጡ።

“ከፊቴ የምትቆመዋ ሴት የት ሄደች?” አሉኝ። “ገበያ ላይ የለችም። ውሃ ስትቀዳም ያያት የለም።”

“እሳቸው ያላቸው ናቸው” አልኩ።

“ያላት ናት?” አሉና አተኩረው አዩኝ። “ና፣ ያላትን አብረን እንይ።”

ሄድን። በሩን ስንገፋው ቤቱ ባዶ ነበር። ምንጣፉ የለም፤ ሙዳዩ የለም። ያን ጊዜ መምጣታችንን ሰምተው ከሁለት ጎረቤት ተውሰዋቸው ኖሯል። ጆንያዎቹ ግን እዚያው ነበሩ፤ አንደኛው ተቀዶ ገለባ አፍስሷል። እናቲቱ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ጉንጫቸው ገብቶ፣ እጃቸው እንደ ደረቅ እንጨት ሆኗል። እኛን ሲያዩ ግን ሊነሡ ተንፈራገጡ። “ውይ በሞትኩት! እንግዳ ሲመጣ ቤቱን እንዲህ...” አሉ።

እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያን ቀን የጻፍኩት አንድ ቃል ይህን እንዳደረገ ገባኝ።

“እማማ፣ ለምን አልነገሩንም?” አልኩ።

“ልጄ፣ ሁለት ሽማግሌ ይዘህ መጣህ። በእነሱ ፊት ምንም የለኝም ልበል? ባለቤቴ ድንጋይ የተሸከመው እኔ እንድለምን ነው?” ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “ቁናው እኮ ልመና አልነበረም። ሁሉ ይወስደው ነበራ።”

የቦሰቱ ሽማግሌ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወተት ከጎረቤት አስመጥተው በእጃቸው አጠጧቸው። ስለ እህል አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሲነሡ ብቻ “ወሩ ሲብት ቅዳሜ ከፊቴ ቁሚ” አሏቸው። “አንቺ ከሌለሽ መቆሚያዬ ይጠፋኛል።” ከዚያ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ በየቀኑ ወተት ይላክ ነበር። ሴትዮዋም ተቀበሉት፤ ከሰልፍ ጓደኛ ነዋ።

ያን ቅዳሜ እስክሞት አልረሳውም።

ጧት የጎተራውን በር ስከፍት ነፋስ አልነበረም። ከበሩ እስከ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱም ማዶ እስከ ግራሮቹ ድረስ፣ ነጭ ራስ በነጭ ራስ ላይ ተሰልፏል። የፈካ የጥጥ ማሳ ይመስላል። “የሌላቸው” የተባሉት አሉ፤ “ያላቸው” ተብለው የቀሩት አሉ፤ ከዚህ በፊት ቁናውን ወስደው የማያውቁ ባለ ሱቆች፣ ካህናት፣ የመስጊድ አዛውንቶች ሁሉ አሉ። ልጆቻቸው በቃሬዛ ያመጧቸው ነበሩ። በአህያ ላይ ተደግፈው የመጡ አሮጊቶች ነበሩ። ከቡልቡላ ለንግድ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች እንኳ፣ ቁናው የማይመለከታቸው ሲሆኑ፣ ነገሩን ሰምተው ጫፉ ላይ ቆመዋል። የቦሰቱ ሽማግሌ ጥሪ በየቤቱ ደርሶ ኖሯል፤ ሁሉም ባዶ ስልቻ ይዟል። ገበያው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ነጋዴው ሁሉ ከመደቡ ተነሣ። የቆመው ባቡር ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ።

ከሁሉ ፊት የወሎዋ እናት በምርኩዝ ቆመዋል። ከኋላቸው የቦሰቱ ሽማግሌ።

ስም መጥራት አልቻልኩም። መዝገቡን ከደንኩት። ሮጬ ሹሙን ጠራሁ። ወጥተው አዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንደሚያደርጉት።

“ምን ፈልጋችሁ ነው፣ አባቶቼ?” አሉ።

“የሽበት ቁናችንን” አሉ የቦሰቱ ሽማግሌ።

“እርስዎ ባለጸጋ አይደሉም?”

“ነኝ።”

“ታዲያ ለእርስዎ ብሰጥ፣ ጦሙን ላደረው ምን ልበለው? እህሉ ከየት ይምጣ?” የሹሙ ድምፅ የቁጣ አልነበረም። የጨነቀው ሰው ድምፅ ነበር።

“ከእኔ ይምጣ” አሉ ሽማግሌው። “ሲገባ ጠይቁኝ፣ ጌታው። ግብር በማገባበት በር ቁሙና ከብትህ ብዙ ነው፣ ጨምር በሉኝ፤ እጨምራለሁ። በዚህ በር ግን ማንንም አትጠይቁ። እዚህ ሁላችን ብንቆም ማን ደሃ እንደ ሆነ አይታወቅም። እኔ ስቀር ግን ይህች ሴት ብቻዋን ትቆማለች። ብቻዋን ከምትቆም ደግሞ በቤቷ መሞትን መረጠች።”

ሹሙ ሴትዮዋን አዩ። ሴትዮዋ ቀና ብለው፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ አዩዋቸው። እኔ እግዚአብሔር ከጎተራው ደጅ የቆመ መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ሌላ ቃል የለኝም።

ሹሙ እጃቸውን ዘረጉልኝ። “መዝገቡን አምጣ” አሉ። ሰጠኋቸው። ይቀድዱታል ብዬ ነበር፤ አልቀደዱትም። “ይህን ከግብሩ መዝገብ ጋር አስቀምጠው” አሉኝ። “ድካምህ በከንቱ አይቀርም። የሚያገባውን እንጂ የሚወስደውን አንጠይቅበትም።” ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሩ። “እህሉ ትንሽ ነው። እስከ መኸር ግማሽ ግማሽ ቁና ነው የማደርሰው።” ቁናውን ከሰፋሪው እጅ ወስደው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በወሎዋ እናት ስልቻ ራሳቸው ሰፈሩላቸው።

ስፍሩ እስከ ቀትር አለቀ። የቦሰቱ ሽማግሌም ግማሽ ቁናቸውን ተሸክመው ሲሄዱ፣ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

በመኸር ጊዜ እሳቸው እንዳሉት ጨመሩ። ከባለጸጎቹም ብዙዎች ጨመሩ። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ከብቱን ደብቆ ያመለጠም አልጠፋም። ሆኖም ጎተራው ሞላ፤ ቁናውም ሙሉ ሆነ። የወሎዋ እናት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ሲሞቱ በዚያ ሰልፍ የቆመ ሰው ሁሉ ቀበራቸው።

ነገሩ ግን ለሁሉም እንዲህ አምሮ አላለቀም። ከጎተራው አጠገብ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት ነበሩ፤ ብቸኛና ችግረኛ። ማጣራቱ በነበረባቸው ወራት እየመጡ ሁለት ቁና ይወስዱ ከነበሩት ጥቂቶች አንዱ ናቸው፤ እሳቸው መከናነብም ማፈርም አያውቁም። ከዚያ ቅዳሜ ጥቂት ቀን ቆይቶ በደጃቸው ሳልፍ ድምፄን ለይተው ጠሩኝ።

“ልጄ፣ ያ ሰልፍ ግሩም ነበር ይሉኛል” አሉ። “እኔ አላየሁትም። እኔ ስልቻዬን ያገኘሁት ቀልሎ ነው። ሁለት ቁና ነበረች፤ ግማሽ ሆነች።”

ለሹሙ ሄጄ ነገርኳቸው። “እሱም እውነቱን ነው” አሉ። “ሁለት እውነት በአንድ ቁና አይሰፈርም።”

እስከ መኸር ድረስ እኒያ አዛውንት ማታ ማታ እኔ ቤት ራት በሉ። አላመሰገኑኝም፤ እኔም ምስጋና አልጠበቅሁም። ከመኸር በኋላም ቁናው ሞልቶ ሳለ መምጣታቸውን አልተዉም። ስለ እህል አውርተን አናውቅም፤ ስለ ባቡሩ ድምፅ ነበር የሚያወሩኝ፤ የሚመጣውን ከሚሄደው በጆሯቸው እንዴት እንደሚለዩት።