የጃንዋሪ አንድ ሰዎች

እህቴ ስዮምቡዋ ምን ትወዳለች ብትሉኝ መልስ የለኝም። ማቻኮስ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍለን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ሥራዋ የሰዎችን ምርጫ መጠየቅ ነው። የትኛውን ዱቄት ትገዛላችሁ፣ ምን ታያላችሁ፣ ስልካችሁን ማን ይከፍትባችኋል፤ በጠቅላላው መቶ ሃያ ጥያቄ። መልሱን ድርጅቱ በሰጣት ታብሌት ላይ ትሞላለች። የራሷን መልስ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሥራው ሕግ አለው። ከመንገዱ በስተቀኝ እየቆጠረች በየአምስተኛው ቤት ትገባለች። የምትጠይቀው በሩን የከፈተላትን ሳይሆን ከቤተሰቡ ልደቱ በጣም የቀረበውን ሰው ነው። በሌላ መተካት ክልክል ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሁሉም ሰው የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ ሳይመስላቸው አልቀረም።

የእኛ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በረሃብ ዘመን ነው። መታወቂያ ሲያወጡ ጸሐፊው ሰልችቶት የሁሉንም ልደት ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈው። ስዮምቡዋ ደግሞ ሥራ የጀመረችው ዲሴምበር ላይ ነበር። ስለዚህ በየገባችበት ቤት ወጣቶቹ ስልካቸውን እየነካኩ ተቀምጠው ሳለ ዕጣው አያት ላይ ይወድቃል።

"ዛሬስ?" እላታለሁ ስትገባ።

"ሦስት ጃንዋሪ አንድ።" ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። "አንዷ የሚስጥር ቁጥር ምን እንደሆነ አስረጂኝ ብላ አንድ ሰዓት አስለፈለፈችኝ። ሲገባት የራሷን ጮክ ብላ ነገረችኝ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።"

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በሁለተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪዋ ኪሉንዳ ከናይሮቢ ደወለ። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

"ከሃያ ስድስት ሰው ሃያ አንዱ በአንድ ቀን ተወለደ? ሁሉም ፊልም አያዩም? ዛፍ ሥር ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው?"

"በእግሬ ዞሬ ነው።"

"ቅዳሜ እመጣለሁ። ከጠየቅሻቸው አንድ ሰው አላውቃትም ካለ ታብሌቱን ታስረክቢያለሽ።"

ታብሌቱን ማስረከብ ማለት ሥራው አለቀ ማለት ነው። እስከ ቅዳሜ በመጋረጃው ማዶ ስትገላበጥ እሰማት ነበር።

"ካልዋሸሽ ምን ያስፈራሻል?" አልኳት።

"ሽማግሌዎች ናቸውኮ። ቢረሱኝስ?"

ቅዳሜ ኪሉንዳ የመረጠው በአክብሮት ሙዜ የምንላቸውን ሽማግሌ፣ ንዘኪን ነበር፤ ከሁሉም በዕድሜ የገፉትን፣ ዓይናቸው የጠፋውን። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ።

"ሙዜ፣ ይህችን ልጅ ያውቋታል?"

"እኔ እንጃ" አሉ ሽማግሌው።

የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። ኪሉንዳ እጁን ወደ ታብሌቱ ዘረጋ።

"ምን ያጣድፍሃል? ትናገርና ልስማት" አሉት።

ስዮምቡዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የስልክ መልእክትዎን ማን ያነብልዎታል?"

"ይቺ ነገረኛ! የልጅ ልጄ ናት አላልኩሽም? ደስ ያላላትን ትዘላለች አላልኩሽም?" ወደ ኪሉንዳ ዞሩ። "ሬዲዮ ላይ ምን ይወዳሉ ብላ ጠየቀችኝ። ስንት ረሃብ አልፌ፣ ምን ትወዳለህ ያለኝ ሰው የለም። የቀብር ማስታወቂያ አልኳት። ሳስበው ግን ዘፈን ይሻላል። ቀይረው።"

"አንዴ ከተሞላ አይቀየርም፣ ሙዜ።"

"አይቀየርም? ና፣ ቁጭ በል።"

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አለቀቁትም። በቆሎና ቦሎቄ ቀርቦ ተበላ፣ ስለ ዘፈንም ብዙ ተወራ። ኪሉንዳ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚመልሰውን ማታቱ ሊሳፈር ሲሄድ እህቴን ሳያያት ተናገረ።

"ታብሌቱ አንቺ ጋ ይቆይ። ሽማግሌዎቹን ግን ድርጅቱ አይቀበላቸውም፤ የሚፈልገው ወጣት ነው። የልደቱ ሕግ ቀርቷል። ሃያ አንዱን ሰኞ እንደገና ትጀምሪያለሽ።"

"እሺ" አለች።

ቤት ስንገባ አንድ ጫማዋን አወለቀች፣ ሁለተኛውን ተወችው። ሻይ እየቀዳሁ፣ ለዓመታት ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

"አንቺስ? ሬዲዮ ላይ ምን ትወጃለሽ?"

"እኔ?" አለች፤ ሰው የተሳሳትኩ ይመስል አየችኝ። ከዚያ ጣሪያውን እያየች ማሰብ ጀመረች። የምሯን ታስብ ነበር። "እኔማ..."

ሻዩን ይዤ ስዞር አንድ ጫማዋን እንዳደረገች ተኝታለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ነበር።