ሴጋዋን ያናዘዘችው ቱቦ

የቺዙሩ ሚያዋኪ ጋራዥ ከእኔ ብየዳ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በኡዌዳ ከተማ የጭነት መኪና ዲዝልም ሆነ የውድድር መኪና ቤንዚን ሞተር፣ ቱርቦው ሲታመም የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ቂመኛ ናት፤ እሷም አትደብቀውም።

በወጣትነቷ የተራራ ውድድር ትነዳ ነበር። አንድ ዓመት ለማሸነፍ ስትቃረብ ሞተሯ ፈነዳ፤ መኪናዋ ከገደሉ አጥር ጋር ተላተመ። ከዚያ ወዲህ ግራ እጇ በደንብ አይጨብጥላትም። ከፍርስራሹ ውስጥ የቱርቦዋን ቀጭን ቱቦ ተነቅላ አገኘቻት። መያዣው አልተሰበረም፤ በእጅ ተፈቷል። ያን ጠዋት መኪናዋ አጠገብ የነበረው፣ የሥራ ባልደረባዋም ተፎካካሪዋም የሆነው ሴጋዋ ብቻ ነው።

የተወዳዳሪዎቹ ማኅበር ሲጠይቀው ሳቀ። «ያቺ ቱቦ ኖረች አልኖረች ምን ለውጥ አላት? ማርሽ ተሳስታ ራሷ ነች የሰበረችው!»

አመኑት። ቆይቶም ሊቀመንበር አደረጉት።

ባለፈው ጸደይ የእሱ መኪና ቱርቦ ማፏጨት ጀመረ። የሚጠግንለት ሲያጣ እሷ ዘንድ መጣ።

«ቺዙሩዬ፣ ያለፈው አልፏል አይደል?»

«አልፏል ጋሼ።»

መኪናውን ሊወስድ የማኅበሩን ሰዎች አስከትሎ ሲመጣ፣ ኮፈኑን ከፍታ ቁልፉን ሰጠችው።

«ተሠርቷል። ቱቦዋን ብቻ ነቅያታለሁ። በል ተራራውን ውጣበት።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ትቀልጃለሽ? መልሺያት!»

«ምን ለውጥ አላት? ራስህ ብለሃል እኮ።»

«እንዴት የላትም! ጭሱ ቱርቦውን ያሽከረክራል፣ ቱርቦው ደግሞ አየር ወደ ሞተሩ ይጠቀጥቃል። ግፊቱ ሲበዛ በዚች ቱቦ ሄዶ ለትርፉ ጭስ መውጫ በር ይከፍታል። እሷ ከሌለች በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ግፊቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል! ዲዝል ትንሽ ይታገስ ይሆናል። ይሄ ቤንዚን ነው፤ ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ፒስተኑን ይበሳዋል! ልትገድዪኝ ነው?»

ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ «ታዲያ ያኔም ታውቅ ነበራ?» አሉት።

ሴጋዋ አንገቱን ደፋ። «ሞተሩ ጠፍቶባት ከገደሉ በፊት ትቆማለች ብዬ ነበር» አለ።

ቺዙሩ ቱቦዋን እግሩ ሥር ወረወረችለት። «ራስህ ግጠማት። መፍታቱን እንደሆነ ታውቅበታለህ።»

ማኅበሩ በሳምንቱ አባረረው። ያን ቀን ቺዙሩ የኑድል ሾርባዋን በላይ በላዩ አስቀድታ በላች።

«አሁንስ ይቅር አልሽው?» አልኳት።

«ይቅርታ? በመንገድ ሲያየኝ ተሻግሮ ይሸሻል። እሱን ሳይ ምግብ ይጥመኛል» አለችኝ።