ለጓድ ሊቀመንበር የጻፍኩት የመርከብ ንግግር

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ሰባዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም፣ ልርሳውም ብዬ አልሞከርኩም። ጎረቤቶቼ «ይቅር በይው፣ ይቀልሻል» ይሉኛል። እንዲቀለኝ አልፈልግም!

የሰውየውን ስም አልጠራም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። እኔ እዚያው ቀበሌ ታይፒስት ነበርኩ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።

እናቴ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ከአሣ አጥማጆች አሣ እየተረከበች፣ አጽድታ ትሸጥ ነበር። ሐይቁ ላይ ከሚመላለሰው ታንኳ በቀር ሌላ መርከብ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ግን አሰብ ሆቴል ቤት ሲሠራ ቆይቶ፣ አንድ ቀን በአንድ የጀርመን መርከብ ተሳፍሮ ሄደ። የዕቃ መርከብ እንዳይመስላችሁ። ሰው ለሽርሽር ብቻ የሚሳፈርበት፣ መዋኛ ገንዳና ሲኒማ ቤት ያለው ነው። እዚያ አስተናጋጅ ሆኖ ተቀጠረ።

ከዓመት በኋላ አንድ ባለቀለም መጽሔት ላከልን። የመርከብ ድርጅቱ ታሪክ ነው። በከሰል ከምትሄደው ከመጀመሪያዋ መርከብ አንስቶ እስከ አዲሷ ነጭ መርከብ ድረስ የሁሉም ፎቶ በየተራ አለ። በጦርነት የሰጠመችውም፣ አርጅታ ለብረት የተሸጠችውም አልቀረችም። ጽሑፉ ጀርመንኛ ስለሆነ ደሳለኝ እያንዳንዱን ገጽ በደብዳቤ አስረዳን፤ እኔም በቃሌ ያዝኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለችው ነጯ መርከብ እሱ የሚሠራባት ነች። ከታች በኩል ካሉት ክብ መስኮቶች አንዷን በእስክሪብቶ ከብቦ፣ «እማዬ፣ የምተኛው እዚህ ነው» ብሎ ጽፎባታል።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤው ቀረ። ይኑር ይሙት የምናውቀው ነገር የለም። እናቴ ከገበያ ስትመለስ በመጀመሪያ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ሽታው መልቀቁን አሽትታ ካረጋገጠች በኋላ መጽሔቱን ትገልጥና ጣቷን መስኮቷ ላይ ታደርጋለች። «ዛሬስ ምሳውን በልቶ ይሆን?» ትላለች። ይህን ሳታደርግ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው ሰዎች ቤታችንን ለአሰሳ መጡ። ሊቀመንበሩ ራሱ ፍራሹን ገለበጠና መጽሔቱን አገኘው። የደሳለኝን ጽሑፍ አነበበ። «አሃ! ኮብላዩ ልጅሽ የኢምፔሪያሊስቶችን ሳህን እያጠበልሽ ነዋ!» አላት።

«ጌታዬ፣ ፎቶ እኮ ነው። ሌላ የለኝም፣ ይተዉልኝ» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። በጫማው ገፋ አድርጓት ወጣ። መጽሔቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነው የወጣው።

በሳምንታዊው የውይይት ስብሰባ ላይ ደግሞ በሕዝብ ፊት አስቆማት። «ይህች አሮጊት የከሃዲ እናት ነች፤ ዕወቋት!» አለ። አሣ የሚገዟት ጎረቤቶቿ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ከፊት ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። እናቴን የሰደበበትን ቃል በገዛ እጄ ጻፍኩት። ቆይ ብቻ፣ አልኩ በሆዴ። ቆይ ብቻ!

ብዙም አልቆየ። ከምሥራቅ ጀርመን እንግዶች መጥተው ቀበሌያችንን እንደሚጎበኙ ተነገረ። ሊቀመንበሩ ቢሮው አስጠራኝ። መጽሔቱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አንቺ፣ ይኼ የወንድምሽ መርከብ የየትኛዋ ጀርመን ነው? የወዳጆቻችን ነው ወይስ የጠላት?»

ያኔ ጀርመን ሁለት ነበረች፤ ምሥራቋ ወዳጅ፣ ምዕራቧ ጠላት። መርከቦቹ የምዕራቧ እንደሆኑ ደሳለኝ በደብዳቤው በግልጽ ነግሮናል።

«የወዳጆቻችን ነው ጓድ» አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ ጓድ?»

ፊቱ በራ። እንግዶቹን በገዛ ታሪካቸው ሊያስደንቃቸው አስቦ ኖሯል። ስለ መርከቦቹ ንግግር እንዳዘጋጅለት አዘዘኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ሦስት ገጽ ሙሉ ቀደድኩለት። የመጀመሪያዋን መርከብ የወደብ ወዛደሮች ከደመወዛቸው አዋጥተው ገዟት አልኩ። የሰጠመችውን ፋሺስቶች በተንኮል አሰጠሟት አልኩ። ለብረት የተሸጠችውን ትራክተር አደረግኳት። የማምረት ዕቅዱን ያለፈ ሠራተኛ ከነሚስቱ በነጯ መርከብ ባሕር እንደሚያቋርጥም ጨመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በደስታ ታይፕ አድርጌ አላውቅም።

ሐሳቤ ግልጽ ነው። እንግዶቹ መጽሔቱን ገልጠው የጠላቶቻቸው ንብረት መሆኑን ሲያዩ፣ ሰውየው በአለቆቹ ፊት ይዋረዳል። እናቴ እንደቆመች እሱም ይቆማል። ጣጣው ለእኔም እንደሚተርፍ ጠፍቶኝ አልነበረም። ይትረፈኛ!

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀመንበሩ ንግግሩን ከነትራክተሩ አንድም ሳያስቀር አነበበ። መጨረሻ ላይ፣ እኔ ያልጻፍኩትን፣ «የእነዚህ ጀግና መርከበኞች ጓድ የሆነው ልጅ እናት እነሆ!» ብሎ እናቴን እንደገና አስቆማት። አሁን ተጨበጨበላት። እናቴ ግራ ገብቷት እኔን እኔን ታየኛለች።

መጽሔቱን ለእንግዶቹ መሪ ሰጠው። ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ገጽ ገለጡ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። ሁለተኛውን ገለጡ፤ ለአስተርጓሚው በጆሮው የሆነ ነገር አሉት። እዚያው አገራቸው የተማረ ሐበሻ ነው፤ ጉሮሮውን ጠረገና መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሊቀመንበሩ ያልበዋል። ደረሰልኝ! አልኩ። 

ሽማግሌው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። በድንገት ጮኹና ጭናቸውን መቱ። አስተርጓሚው ቀና አለ።

«ሌሎቹ መርከቦች የምዕራቦቹ ናቸው ይላሉ። ይህችን ነጯን ግን በቅርቡ ገዝተናታል፣ አሁን የእኛ ሠራተኞች ይዝናኑባታል ይላሉ። እኔም ተመዝግቤ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው ይላሉ። ወሬው እዚህ ድረስ ቀድሟቸው መምጣቱ በጣም ገርሟቸዋል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሽማግሌው ሊቀመንበሩን አቀፉት።  ዋሽቼ ላዋርደው ያዘጋጀሁት ሰው በእኔ ውሸት ተሸለመ። ወዲያው ደግሞ፣ መርከቧ ከተሸጠች ደሳለኝ የት ወደቀ? የሚል ሐሳብ መጣብኝ። 

ይሄኔ ሰውየው ደስታው ልክ አጣ። «እንግዲያውስ ለወዳጅነታችን መታሰቢያ ይሁንዎ!» ብሎ መጽሔቱን በሁለት እጁ አበረከተላቸው።

«ኧረ መስኮቱን! ኧረ የልጄን መስኮት!» አለች እናቴ። ጭብጨባው ዋጠው። ሽማግሌው ምንም አላወቁም፤ ፈገግ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ቤት ስንገባ እናቴ አልተቆጣችኝም። ውሸቱ የእኔ መሆኑን ነግሬአታለሁ። እንደ ልማዷ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ አሸተተች፣ አደረቀች። ከዚያ ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየው ጀመር። «አሁን ይኼን እጅ ምን ላድርገው?» አለችኝ። 

ሊቀመንበሩ በዚያው ሰሞን ሹመት አገኘ። እናቴ በሁለተኛው ዓመት አረፈች። ደርግ ከወደቀ በኋላ ደሳለኝ ተገኘ። ነጯ መርከብ ስትሸጥ ሠራተኛው ተበትኖ፣ እሱም ሌላ አገር ወርዶ ሲንከራተት ኖሮ ነው። ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ እማዬ መስኮቴን አይታው ነበር ወይ ብሎ ነው።

አንዳንዱ ሰው ታዲያ አሁን ምን ይሰማሻል ይለኛል። በራሴ አፍራለሁ፤ መጽሔቱን ያስበላሁት እኔም ነኝ። በእሱ ላይ ያለኝ ቂም ግን አንድ ጭብጥ አልጎደለም።

ሰውየው ዛሬም በሕይወት አለ። ሸምግሎ እዚሁ ከተማችን ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ይውላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይናቸው ለደከመ ጓደኞቹ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ ይህን የገጠመኝ ዓምድ በተለይ ይወደዋል። ጀርመኖቹን በዕውቀቱ ያስደነቀበትን ቀን ደግሞ ሳያወራ አይነሳም።

ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁንም አንቱ እልዎታለሁ፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ያ ዕውቀት የእርስዎ አልነበረም። ከፍራሽ ሥር በነጠቁት መጽሔት ላይ አንዲት የተናደደች ታይፒስት የቀደደችው ነው። ትራክተሩን ጨምሮ።

ምናልባት አሰሳው ላይ ሲደርሱ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይሆናል። አይለፉት። ባለቤቴ ዛሬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ወንበር ስቧል፤ እርስዎ ካቆሙ ተቀብሎ ይቀጥላል። ብዙ አልቀረም፣ አንድ መስመር ነው። ያን ቀን አሮጊት ብለው ያስቆሟት ሴት ስም ነበራት። ወይዘሮ ፋንታዬ ትባላለች። እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡት።