አልመጣችም ያልኩት ቀን

ጾም ሲገባ ለንስሐ አባቴ የምዘረዝረው ኃጢአት ሞልቷል፤ ሐሜቱ፣ ቁጣው፣ ስንፍናው። ይህችን ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣኋትም። ለእናንተ ልናገር። እናንተ አታውቁኝም፤ ነገ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ላይ አታገኙኝም።

ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ነበርኩ። ወንበሩን ያገኘሁት በሴቶች ጉዳይ ሚኒስትሯ ነው ብል ማጋነን አይደለም። በየቢሮው ሴት ትግባ ብለው የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ እየተባለ የተገለለው ሁሉ እኩል ሰው ነው ብለው አገር ለአገር የዞሩትም እሳቸው።

አርባ ምንጭ ሊመጡ ሲሉ አንድ ነገር ብቻ አዘዙ። ከሸክላ ሠሪዎቹ አንዲት ሴት ከጎናቸው ተቀምጣ ችግሯን ራሷ ትናገር፤ ምሳም አብራን ትብላ። አማረችን የመረጥኳት እኔ ነኝ። ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ዳር ጀበናና እንስራ የምትሸጥ፣ አንደበቷ የቀና ሴት ናት። የሸክላ አፈር የሚቆፍሩበትን ቦታ አንድ ባለሀብት ሙዝ ሊተክልበት፣ ሊያጥረው ነበር።

"ያ አፈር ከሄደ ልጆቼን ምን አበላለሁ? የማርሰው መሬት የለኝ" አለችኝ።

ይህንኑ ንገሪያቸው አልኳት።

በቀኑ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ነጠላዋ አዲስ ነው፤ ተውሳው መሆን አለበት። አዳራሹ ውስጥ ከደጋ የወረዱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በእኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪ ደጃፍ ላይ ቆማ ታወራለች እንጂ ቤት አትገባም፤ የጠጣችበት ኩባያም ለብቻው ይቀመጣል። እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት። ገበታውን አየሁት። የእኔ ወንበር ከእሷ ቀጥሎ ነበር። የእሷ እጅና የእኔ እጅ አንድ ትሪ ላይ! አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹን ፈርቼ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከሽማግሌዎቹ ማን ተናገረኝ? ማንም። ተጸይፌያት ነው። እኔ፣ ስለ እኩልነት ሥልጠና የምሰጠው እኔ!

"ሲፈልጉሽ እጠራሻለሁ፤ ከግቢው ውጭ እዚያ ዛፍ ሥር ጠብቂኝ" አልኳት።

"እሺ እህቴ" ብላ ወጣች።

ሚኒስትሯ ገብተው ባዶውን ወንበር አዩ። "ሸክላ ሠሪዋስ?" አሉኝ።

"አልመጣችም" አልኩ።

"ምነው፣ አሟት ይሆን?"

"እንጃ፤ ቀጥረናት ነበር።"

ቅር አላቸው። ወንበሩ ግን እንዲነሳ አልፈቀዱም። እኔም ከባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጬ በላሁ። ደህና አድርጌ በላሁ። ሲሄዱ መኪናቸው በዛፉ ሥር አለፈ። አማረች ልታስቆማቸው እጇን አነሳች። ሰላምታ መስሏቸው እሳቸውም እጃቸውን አወዛወዙላት።

አፈሩ ታጠረ። ዛሬ ሙዝ ነው። አማረች ሲቀላ ውስጥ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ አሸዋ ትሸከማለች።

ባለፈው ሳምንት ጨክኜ ልነግራት ቤቷ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

"ያን ቀን ስትጠሪኝ ሳልሰማ ቀርቼ በትልቅ ሰው ፊት አሳፈርኩሽ፣ አይደል? ይቅር በይኝ እህቴ።"

ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ይቅር በይኝ አለችኝ፣ እኔን። እኔ ምን አልኩ? "ግድ የለም" አልኩ። ግድ የለም! ቀጥላ በዚያ ሙቀት ከእንስራዋ ውሃ ቀድታ፣ በገዛ ኩባያዋ፣ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

"አልጠማኝም" አልኳት።

የሄድኩበትን ሳልነግራት ተመለስኩ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ምን እንደበደልኳት አታውቅም። እናንተ ግን ይህን እወቁልኝ፤ ጠምቶኝ ነበር።